በሞቴ

ከሮላ አደባባይ ጀርባ፣ ሻርጃ፣ አንድ መስኮት አልባ ክፍል፤
ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ እንደ አስመኛ ደረት ሲር ሲር ሲል፣
ማሽኑ ያጠመደውን ቃል
አንድ ባንድ ያቀብለኛል።
ቀይ ከሆነ አነባለሁ፣ አረንጓዴ ከሆነ አልፋለሁ፤
ከሺህ ወሬ፣ ከሺህ ሰላምታ፣ ክፉውን ልለይ ተቀጥሬያለሁ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት አርባ ሦስት ቀይ መስመር ወረደ፤
አርባ ሦስት ሰው "ልሙት" ይላል! ጣቴ ቁልፉ ላይ ራደ።
"በሞቴ" ይላል አንደኛው፣ "ልሙትልሽ" ይላል ሌላው፤
"አፈር ስሆን" ያለች ሴት አለች፣ ማሽኑ ስሟን ከበበው።
ከፍቼ ሳነበው፦

"በሞቴ፣ ምሳህን ብላ።"
"ልሙትልሽ፣ አታልቅሺ፤ ኮንትራቱ ያልቃል፤ ሌላ
ቤት እንፈልጋለን።"
"አፈር ስሆን፣ የልጄን ፎቶ ላኪልኝ። ጥርስ አወጣ?"

ሻምበል ሻማ ከኋላዬ ቆማ፦ "ምን ሊያደርጉ ነው?" አለች።
"ሊጎራረሱ" አልኳት። ገባት፤ ቀስ ብላ ሳቀች።
"እኛም 'ፈዴትክ' እንላለን፤ ቤዛህ ልሁን እንደ ማለት።"
ሰው ለሰው እንዲህ ይግባባል። ማሽኑን ግን በምን ብልሃት?

ሦስት ወር ፊደል አስቆጠርኩት፣ እንደ ዘገየ ተማሪ፦
"ይሄ ፍቅር ነው። ይሄ ልማድ። ይሄ የናፍቆት ጥሪ።
ሃያ ሴት ለአንዲት ጦይባ በየወሩ ብትልክ፣ ሤራ አይደለም፤
ዕቁብ ነው፣ ዕጣዋ ወጥቶ ነው፣ ሌላ የለም።"
ተማረ። ቀዩ ቀነሰ።

ኅዳር ላይ፣ አረንጓዴው ክምር ውስጥ፣ ጣቴ ሊያልፈው ሲል ዓይኔ ያዘው፤
እንዲህ ይላል፣ ሳነበው፦

"እማ፣ ጤና ነኝ። የወሰኑን ዕዳ ከፍያለሁ።
ብርድ ልብሴን ለክፍል ጓደኛዬ ሰጥቻለሁ።
ሐሙስ አልደውልም።"

የአምናውን አገላበጥኩ፤ በየመስመሩ ይሞትላታል።
ዘንድሮ በሞቴ የለ፣ ልሙትልሽ የለ፣ አፈር ስሆን የለ፤
ቃሉ እንደ ታጠበ አስከሬን ንጹሕ፣ እጁን አጣጥፎ ያለ።
አፉ ላይ ሲኖር የነበረ ሞት፣
ከአፉ ወጥቶ የገባው የት?

ሻማን ቀሰቀስኳት። "ምን ተናገረ?" አለችኝ።
"ያልተናገረውን ነው" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።
ከዚያ ስልክ አነሳች።

በድሃይድ መንገድ፣ ከጭነት መኪኖች መሀል አገኙት። ቦርሳው ውስጥ
ምን እንደነበር ለእኔ አልተነገረኝ፤
ሻማ ብቻ በማግስቱ አንድ ኪሎ ቴምር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ።
አልበላሁትም። በሞቴ ያለኝ የለም።

ማሽኑ ግን ከእኔ ተማረ፤
በታኅሣሥ ሦስት መቶ ሰው በቀይ ደረደረ፦
ዕዳውን የከፈለውን፣ ብርድ ልብሱን የሰጠውን፣
ደሞዟን ተከልክላ ቃል ያጠራትን፣
ከተፈጥሮው አጭር የሚጽፈውን አናጢ።
"ይሄስ ዝምታ?" ይለኛል። "ይሄስ? ደግሞ ይሄስ?"
ጎህ እስኪቀድ ድረስ።
ሦስት መቶ በር አለ፣ እኔ ካልሳትኩ የማይንኳኳ፤
ደግሞም አንድ በር፣ እኔ ከሳትኩ...

ትናንት ከሥራ ወጥቼ፣ ኮርኒሹ ላይ፣ የባሕሩ ወበቅ
እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተለጥፎ፣
ባቲ ላለችው እናቴ ጻፍኩ፦
"ብሩን ልኬያለሁ። ጤና ነኝ። መድኃኒትሽን ዋጪ።"
ልልከው ስል ጣቴ ቆመ።
በዚያ ክፍል ዓይን አነበብኩት። ንጹሕ። የታጠበ።
ስንት ወር ሆነኝ እንዲህ ስጽፍላት?

ሰረዝኩት።
"በሞቴ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ። አፈር ስሆን፣ እማ።"
አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት።
ለእሷ ይሁን ለማሽኑ የጻፍኩት፣
እንጃ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ስልኬ ጮኸ።
"ምነው ልጄ" አለች፣ "ምን ሆንክ?"